ከዴራ ግራር እስከ ጭላሎ አስታ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ አሰላ ውስጥ የቀረበ ንግግር። ለዚህ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ድግግሞሹ ተቀንሷል እንጂ አነጋገሩ እንዳለ እንዲቆይ ተደርጓል።)



የተሰጠኝ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከምሳ በፊት ያለ ሠላሳ ደቂቃ መሆኑንም አስተባባሪዎቹ ደጋግመው አስታውሰውኛል። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከመካከላችሁ በአዳማ በኩል የመጣችሁ ስንት ናችሁ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ነን ማለት ነው። እንግዲያው እጃችሁን ያወጣችሁ ሁሉ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ አልፋችሁ ነው የመጣችሁት። አስተውላችሁታል? ከአዳማ ወጥታችሁ ወደ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ስትነዱ ዴራ ትደርሳላችሁ። ዴራ አካባቢ ግራሩ የበዛበት፣ ድንጋያማ፣ ሞቃት ቦታ አለ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ መስኮት ከፍቶ ነፋስ ይቀበላል፣ ወይም ስልኩን ያያል። ያ ቦታ ዴራ ዲልፋቃር ይባላል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ነው።

«ተራሮች» ተብሎ እንዴት ዴራ ሜዳ ላይ ይጀምራል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፓርኩ አንድ ወጥ መሬት አይደለም። የተበጣጠሰ ነው፤ ዴራ ዲልፋቃር፣ ጭላሎና ጋላማ፣ ካካ፣ ሁንቆሎ እያለ በክፍል በክፍል ይቆጠራል። ታች 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የግራር ምድር አለ፤ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ የውርጭ ተራራ አለ። በካርታ ላይ ስታዩት ከአንድ ትልቅ ጨርቅ ተቀዶ የቀረ እራፊ ይመስላል። በመካከሉ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንዴ ነው። ከኢተያ ጀምሮ በጎንዴና በቁሉምሳ አድርጎ አሰላ እስኪደርስ፣ ከዚያም በሳጉሬ አልፎ በቆጂ ድረስ፣ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላ፣ በየአጥሩ ዳር ባሕር ዛፍ።

ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለዚህ እራፊ ነው። እኛ፣ ከዚህ ግቢ የወጣን ሰዎች፣ ለእሱ ምን እንደሆንን፣ ምን ልንሆን እንደምንችልም ጭምር።

በመጀመሪያ ታች እንጀምር፣ ዴራ። የግራር ሳቫና ለብዙዎቻችን «ባዶ መሬት» ነው። ደን ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጨለማ፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ነገር ነው። ግራር ግን ብርሃን ያስገባል፤ ከሥሩ ሣር ይበቅላል፤ ከብት ያያል፣ ፍየል ያያል፣ ከሰል አክሳይም ያያል። ለዚህ ነው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሁሉ በፊት ያለቀው። አብያታ ሻላን ያየ ሰው ያውቃል። እዚያ ጥበቃው ከተጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግራሩ ግን በአብዛኛው በከሰል ጆንያ ተጭኖ ሄዷል። ዲልፋቃር ላይ ግራሩ ቆሞ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ አጋዘን አለ። ያ ወንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀንድ ያለው፣ በጎኑ ላይ ነጫጭ መስመር የወረደበት፣ ሰው ሲያይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ዛፍ የሚመስለው። በአስፋልት አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ!

እዚህ ላይ ስለ ስም ትንሽ ልበል፤ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። በአማርኛ የዴራው አጋዘን ይባላል፣ የጋላማው ደግሞ የደጋ አጋዘን። በኦሮምኛም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ገደምሳ፣ ሌላው ገደምሳ ባዳ፣ የደጋው ገደምሳ። ሳይንሱም ሁለቱን በአንድ ወገን ነው ያስቀመጣቸው። እረኛውና ሳይንቲስቱ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። የቆላው ዘመድ ከዚህ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። የደጋው ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥም ከስምጥ ሸለቆ ምሥራቅ ባሉት በባሌ፣ በአርሲና በሐረርጌ ደጋዎች ብቻ ነው ያለው። ለሳይንስ የተገለጸው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የዱር እንስሳት በመጨረሻ ከታወቁት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ናሙና የተገኘውም ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ነበር። የት ማለት ነው? የእኛው ተራራ ነዋ! ዓለም ይህን እንስሳ ያወቀው በአርሲ በኩል ነው። ዛሬ ግን አንድ የውጭ አገር ሰው «የት ሄጄ ልየው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ባሌ ነው፤ ዲንሾ ሂድ ይባላል። አይከፋኝም፣ ባሌም ወገን ነው። ግን ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ስንዴው መመለስ አለብኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ግማሹ የግብርና ሰው ነው። አንዳንዶቻችን ዲግሪያችን ላይ የአዳማ ማኅተም አለ፣ አንዳንዶቻችን ላይ የአርሲ፤ ግቢው ግን ያው ይኸው የአሰላ ግቢ ነው። አሰላ የግብርና ትምህርት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በፈረንጆቹ 1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ ሁላችንም «ካዱ» የምንለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱን እዚህ አደረገ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የተሻሻለ ላም፤ ዛሬ ኤክስቴንሽን ብለን የምናስተምረው ነገር በአብዛኛው እዚህ ነው የተሞከረው። ቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። አርሲ የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ሆነች። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይችልም፤ ብዙዎቻችን የተማርነውም አባቶቻችን ስንዴ ሸጠው ነው።

ግን ስንዴው ሲያተርፍ መሬቱ ዋጋ አወጣ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለ መሬቱ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛውን አስወጣ። ይህ በታሪክ መጽሐፍ ያለ ነገር ነው፤ በጭላሎ አውራጃ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። ከዚያ በእኛ 1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የመሬት አዋጁ መጣ። (ልብ በሉ፣ 1967 የሚለው ቁጥር ለአርሲ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዴ በፈረንጅ፣ አንዴ በእኛ። ተማሪዎች ፈተና ላይ ይህን ሲያምታቱ አትፍረዱባቸው።) አዋጁ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ መሬትን አከፋፈለ። ሰው በዛ፣ የሚከፋፈል መሬት ግን አልበዛም። ሜዳው ሲሞላ ማረሻው ወዴት ይሄዳል? ወደ ዳገት።

እንዲህ ነው ጽዱና ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ከአሰላ ዙሪያ የጠፋው። ማንም ክፉ ሰው አልተነሣም። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጥማድ ጨመረ፣ በቃ። ዛሬ ዝግባ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሙኔሳ ይወርዳል። እዚያም ቢሆን የተፈጥሮ ደኑ ከተተከለው ባሕር ዛፍና ጥድ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚያገኘው። በየመቃብሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ፣ ሽማግሌ በሚሰበሰብበት ጥላ ሥር የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች አስተውሉ። እነዚያ የጌጥ ዛፎች አይደሉም፣ ከድሮው ደን ምስክር ሆነው የቀሩ ናቸው።

የስንዴው ድንበር የሚያበቃበት ላይ ገብሱ ይቀጥላል። ገብስ ደግሞ ብርድ አይፈራም። ጋላማ ጎን ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው የገብስ ማሳ አስታው ውስጥ ገብቶ እንደ ጣት ሲዘረጋ ያያል። የብቅል ገብስ ገበያ አለው፤ ፋብሪካውም እዚሁ አሰላ ነው። ዛሬ ማታ አንዳንዶቻችን የምናነሣው ብርጭቆ ውስጥ የዚያ ዳገት ገብስ ሊኖር ይችላል። ይህን የምለው ቢራውን እንድትተዉ አይደለም፤ ማንም እንደማይተው አውቃለሁ። ጣታችን የት የት እንዳለበት እንድናውቅ ነው።

እስቲ ደግሞ ላይ እንውጣ።

ጭላሎን በተማሪነት ያልወጣ አለ? ካለ አይናገር። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ኮሶውና አምጃው ይመጣል፣ ከዚያ አስታ ይጀምራል። አስታ ጎበዝ ተክል ነው፤ ቢቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እረኞች ለከብት አዲስ ሣር እንዲወጣ ብለው ሲያቃጥሉት ኖረዋል፣ እሱም ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። የሚሞተው መቼ ነው? ተቃጥሎ ገና በጣት ቁመት ሳለ ከብት በየዓመቱ ሲግጠው፣ ወይም ሥሩ በማረሻ ሲገለበጥ። ይህን ልዩነት ማወቅ ለጥበቃው ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም «እሳት ክልክል፣ ከብት ክልክል፣ ሰው ክልክል» ብሎ አዋጅ ማውጣትና የትኛው እንደሚጎዳ ለይቶ መነጋገር ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አርሲና ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል ልማድ አለ። ከብት በወቅት ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው ይወጣል፣ በወቅት ይመለሳል። ተራራው የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ ሰዉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሰፍሯል፤ ከብቱም እንደዚያው። ክፋቱ ከብት መውጣቱ ላይ ሳይሆን አለመውረዱ ላይ ነው።

ከአስታው በላይ ጅብራው፣ ጓሳው፣ ረግረጉ አለ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ፣ አይጥ እያደነ የሚኖር። ትልቁ መጠጊያው ባሌ ነው፤ ከባሌ ውጭ ካሉት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የእኛ ጋላማና ካካ ነው። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ። የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ እንግዴ ልጁን ለመብላት ይጠብቃል ይባላልና። ከከብትና ከፈረስ ጋር ተላምዶ የኖረ እንስሳ እንደሆነ ከስሙ ይታወቃል።

ያ ተራራ ስንት ዘመን እንዲህ እንደነበር ደግሞ ራሱ ተራራው መዝግቦታል። ባዳ ላይ ባለው ረግረግ ውስጥ ተመራማሪዎች ጭቃ ቆፍረው አውጥተው፣ በየንብርብሩ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ ቆጥረዋል። ጭቃው ከዛሬ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያለውን ይናገራል። ከዚያ በፊት እኮ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር፤ የበረዶው ጥርስ ያረፈበት ምልክት አሁንም ይታያል። አስቡት፤ አንድ ረግረግ የ11 ሺህ ዓመት መዝገብ ይዟል። እኛ ደግሞ የሃያ ዓመት መዝገብ የለንም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ውኃውን ሳልጠቅስ ግን ማለፍ አልችልም። ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ ምዕራብ ጎን የሚወርደው በቀጣር ወንዝ ወደ ዝዋይ ይገባል። በሰሜን በኩል ያለው በቀለጣ ወደ አዋሽ። በምሥራቅና በደቡብ ያለው ወደ ዋቤ ሸበሌ። አንድ ሰው ጋላማ ጫፍ ላይ ቆሞ የጠርሙስ ውኃውን ቢያፈስ፣ እግሩን ባሳረፈበት ጎን መሠረት ወይ ባቱ ያለ አትክልት አብቃይ ያገኘዋል፣ ወይ አፋር ያለ አርብቶ አደር፣ ወይ ሶማሌ ያለ ግመል ጠባቂ። ጓሳውና ረግረጉ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሲታረስ ግን ዝናቡ በመጣበት ቀን ይሄዳል፣ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ይህ ለምህንድስና ተማሪዎቻችንም የሚሆን ሥራ ነው፤ ለባዮሎጂ ብቻ አትተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋላማ ሥር ባለ አንድ ቀበሌ የተደረገ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የፓርኩን ድንበር በተመለከተ ከተጠሩት ብዙ ስብሰባዎች አንዱ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ባለሙያዎች ካርታ ዘርግተው፣ ስለ ብዝኃ ሕይወት፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ አየር ንብረት አስረዱ። ጥሩ አስረዱ። ከዚያ አንድ አዛውንት ተነሡ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ባይሆንም ነገሩ ይህ ነው፦ «ልጆቼ፣ እናንተ ወደዚህ መምጣት ከጀመራችሁ ሃያ ዓመት ሆኗል። ገመድ ትዘረጋላችሁ፣ ቅጠል ትቆጥራላችሁ፣ ትጠይቁናላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። አስታው ቀንሷል ትላላችሁ። ስንት ነበር? አሁን ስንት ነው? የደጋ አጋዘኑ ጨመረ ወይስ አነሰ? ቆጥራችሁ አይደል፣ ንገሩን። እኛም እናውቀው።»

ዝም ተባለ። ባለሙያዎቹ የሚመልሱት አጥተው ነው፤ ሰነፍ ሆነው አይደለም። እያንዳንዱ ጥናት በሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዘዴ የተሠራ ነው። አንዱ ጋላማ ላይ ክረምት ገብቶ ቆጥሯል፣ ሌላው ጭላሎ ላይ በበጋ። አንዱ 20 ሜትር በ20 ሜትር ለክቷል፣ ሌላው በመስመር ሄዷል። እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ ነው፣ ለፈተና ይበቃል፣ ያስመርቃል። ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን አንዱ ለሌላው አይመልስም። ስለዚህ «ጨመረ ወይስ አነሰ» ለሚለው ለቀላሉ ጥያቄ መልስ የለም። እኒያ አዛውንት ግን መልስ አላቸው፤ በልጅነታቸው አስታው የት ድረስ እንደነበር በዱላቸው ያሳዩሃል። የእሳቸው ትዝታ ከእኛ መደርደሪያ የተሻለ መዝገብ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ግን መዝገቡ አብሮ ያልፋል።

ይህ የአንድ ተቋም ጉዳይ አይደለም፤ የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት በሙሉ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ሠርግ ልብስ ነው፣ አንድ ቀን ይለበሳል። ስለ ጭላሎ፣ ስለ ጋላማ፣ ስለ ዲልፋቃር፣ ስለ ሙኔሳ የተጻፉት እዚህ አሰላ፣ አዳማ፣ ሐረማያ፣ ወንዶ ገነት፣ አዲስ አበባ ተበትነው አሉ። በአንድነት ያየቸው ሰው የለም። ፓርኩን የሚጠብቁት ስካውቶች ደግሞ በብርድ ሌሊት የሚዞሩት፣ እነዚህ ጽሑፎች መኖራቸውን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። የተጻፉበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚጠብቁት ሰዎች ቋንቋ ኦሮምኛ ነው።

የጥበቃ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ መንዝ ጓሳ ይጠቀሳል፤ እኔም ልጥቀሰው፣ ግን ለሌላ ምክንያት። በሰሜን ሸዋ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ400 ዓመት በላይ በአካባቢው ሰው ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። «ቄሮ» ይሉታል። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ሲመጣ የቄሮው ሥርዓት ፈረሰ፣ ቆይቶም በሌላ መልክ ተደራጀ። ዛሬም እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። ብዙ ሰው ከዚህ የሚማረው «ኅብረተሰቡ ይጠብቀው» የሚለውን ነው። ትክክል ነው፤ ግን ቄሮ ወደ አርሲ ተጭኖ አይመጣም። የአርሲ ሰው የራሱ ልማድ፣ የራሱ ሽማግሌ፣ የራሱ ጎዳንቱ አለው። እኔ ከመንዝ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ የሠራው የሣሩን ሁኔታ በየጊዜው እየሄደ የሚያይ፣ «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» የሚል ሰው ስለነበረው ነው። መጠበቅ ማለት በዋናነት ደጋግሞ ማየት ነበር።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ ሲገናኝ ችግኝ እንተክላለን። ጥሩ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ግን ባለፈው የተከልነውን ማን ሄዶ አየው? ከዛሬ ጀምሮ በችግኙ ፋንታ፣ ወይም ከችግኙ ጋር፣ ሌላ ነገር እንያዝ። ከዴራ ዲልፋቃር ግራር ጀምሮ እስከ ጭላሎ አናት ድረስ በአንድ መስመር ላይ ቋሚ የመለኪያ ቦታዎች ይኑሩን። ብዙ አያስፈልግም፤ አሥር ይበቃል፣ አሥራ ሁለትም ይሁን። አንዳንዱ ፓርክ ውስጥ፣ አንዳንዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ገበሬው ከፈቀደ ማሳው ዳር። ድንጋይ ተተክሎ፣ ጂፒኤሱ ተመዝግቦ፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ ተነሥቶ። ከዚያ በየዓመቱ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዘዴ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ለመስክ ትምህርታቸው ይሄዱበታል። ተማሪው ይለወጣል፣ መምህሩም ይለወጣል፣ ድንጋዩ አይለወጥም። ይህን ለመሥራት የውጭ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም። እንዲያውም ፕሮጀክት ባይሆን ይሻላል፤ ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ኖሮ መኪናውን ትቶ ይሞታል።

መምህራኖቻችን ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «አበል የለም፣ መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም።» ልክ ናችሁ። የእኛ የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ የሚገባው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለመታሰቢያ ሐውልት ከምናዋጣ፣ ለአንድ አውቶቡስ ነዳጅና ለተማሪዎቹ ደረቅ ስንቅ እናዋጣ። ሐውልት ምንም አይቆጥርም።

ሁለተኛው ከዚህ የቀለለ ነው። በዚህ አካባቢ ተራሮች፣ ደኖች ወይም በዴራ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራችሁ ሁሉ ጽሑፋችሁን ብቻ ሳይሆን የመስክ ማስታወሻችሁን አምጡ። ያቺ በዝናብ የራሰች፣ በእርሳስ የተጻፈች ደብተር ማለቴ ነው። የናሙና ቦታችሁ የት እንደነበር፣ በየትኛው ወር እንደሄዳችሁ፣ ማን እንደመራችሁ። ከታተመው ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ ብዙ ጊዜ የሉም። ፎቶም ካላችሁ፣ የጓደኞቻችሁ ፎቶ ሆኖ ከኋላ ጋላማ የሚታይ ቢሆንም እንኳ፣ አምጡ። ከኋላ ያለውን አስታ ነው የምንፈልገው፤ ፊታችሁን እንሸፍነዋለን።

ሦስተኛ ብዬ መቁጠር አልፈልግም፣ ግን የእንስሳት ሕክምና ሰዎች እዚህ ስላላችሁ ልናገረው። ቀይ ቀበሮን በባሌ በተደጋጋሚ የመታው ጥይት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ መጥቶ ብዙ ገድሏል፤ ዲስቴምፐር የሚባለውም የውሻ በሽታ ተከትሎ መጥቷል። ባሌ ላይ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ተርፎ እንደገና ይበዛል። ጋላማ ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ አንድ ወረርሽኝ ቢገባ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሻ ነው። ውሻ መከተብ ደግሞ እረኛውንም፣ ልጁንም፣ በሬውንም ያድናል። ስለዚህ የገበሬውንና የቀበሮውን ጥቅም ማስታረቅ የሚባለው ከባድ ንግግር እዚህ ላይ አያስፈልግም፣ ያው አንድ ክትባት ነው። በየወረዳው የምትሠሩ የዚህ ግቢ ልጆች አላችሁ። በተራራው ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች የትኛው ውሻ እንደተከተበ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የሚለካው ሁሉ ደግሞ ወደ ቀበሌው ይመለስ። በኦሮምኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በሥዕል ቢሆን የተሻለ። የመጀመሪያው ዓመት ገጽ ምንም አይናገርም፤ «ይህን ያህል ነው» ብቻ ይላል። ሁለተኛውም ብዙ አይናገርም። አምስተኛው ላይ ግን ለእኒያ አዛውንት ጥያቄ መልስ ይኖረናል። መልሱ የምንወደው ላይሆን ይችላል፤ አስታው ቀንሶ፣ ግራሩ ቀንሶ እናገኘው ይሆናል። ወይም ዴራ ላይ ከብት ከተከለከለበት ጎን ሣሩና ችግኙ ተመልሶ እናይ ይሆናል። ግራር ካላረሱትና ካልቆረጡት ብዙ ልመና የማይፈልግ ዛፍ ነው። በየትኛውም በኩል ቢሆን ቀጣዩ የድንበር ስብሰባ ላይ ሁለቱ ወገኖች አንድ ወረቀት ይዘው ይነጋገራሉ። አሁን አንዱ ካርታ ይዟል፣ ሌላው ትዝታ ይዟል፤ እንደዚያ ሆኖ ስምምነት አይገኝም።

«ፓርኩ የፌዴራል ነው፣ የክልል ነው፣ የእኛ ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ ሻይ ላይ ተነሥቶ ነበር። የሚያስተዳድረው አካል አለው፣ እናከብራለን፣ ያለ ፈቃዱም አንድ ድንጋይ አንተክልም። ግን ጭላሎ ከዚህ ግቢ መስኮት ይታያል። ባሌ ላይ ሲጠና ተመራማሪው ከአዲስ አበባ፣ ከኦክስፎርድ፣ ከየትም ይመጣል። እኛ በእግር እንደርሳለን። ከበቆጂ የወጡት ሯጮች በዚያ አየር ሠልጥነው ዓለምን አስከትለዋል፤ የእኛ ተማሪዎች በዚያው አየር ቅጠል መቁጠር ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። ቢያልባቸውም ይጠቅማቸዋል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ፤ ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አይተዋል፣ እኔም አይቻቸዋለሁ።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ላይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ፣ ዓመቱን፣ የሠራችሁበትን ቦታ ስምና የመስክ ደብተራችሁ አሁን የት እንዳለ ጻፉ፤ «እናቴ ቤት፣ ቆጥ ላይ» ማለትም ይቻላል። ሁለተኛው ነገ ለሚወጡት ነው። ወደ ጭላሎ የሚሄደው መኪና ከግቢው በር የሚነሣው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ተራራው በጉም ይሸፈናል፣ ፎቶውም አይወጣም። የመጀመሪያውን ነጥብ የት እንደምናደርግ እዚያው ከስካውቶቹና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረን እንወስናለን። ጃኬት ያዙ፣ ቆብ ያዙ፣ ደህና ጫማ አድርጉ። እርሳስም ያዙ፤ እስክሪብቶ እዚያ ላይ በብርድ አይጽፍም።